የኋላ ጎማ መብት

የሰፈራችን ኮሚቴ ካሳለፋቸው ታላላቅ ውሳኔዎች ሁሉ የላቀው የኤቫሪስቶን ፍሬን የሚመለከተው መሆኑን በኩራት እመሰክራለሁ። በኩባዋ ሳንቲያጎ ከእኛ ሰፈር የከፋ ቁልቁለት የለም፤ ኮሚቴውም የሚሰበሰበው ጫፉ ላይ ነው።

ኤቫሪስቶ ከአያቱ የወረሳት ጣሪያ አልባ የአሜሪካ መኪና አለችው። ለዓመታት በፍሬን ዘይት ፋንታ ሻምፑ ስትጠጣ ኖራለች፤ በቆመች ቁጥር አረፋ ትደፍቃለች። ልጁ ዩስሌይዲ አሥራ አምስት ሊሞላት ሲል ግን አባት ደነገጠ። በዚያ ቀን ሴት ልጅ ሮዝ ቀሚሷን ለብሳ በመኪና ወደ አደባባዩ ካልወረደች፣ አባቷ አባት አይባልም። ስለዚህ መካኒኳ ኦዳሊስ ከአንዲት የሞተች የሩሲያ መኪና ዲስክ ፍሬን ፈትታ ለፊት ጎማዎቹ ገጠመች። እውነተኛ የፍሬን ዘይትም ተገኘ፤ ከየት እንደሆነ የጠየቀ ጨዋ ሰው የለም።

የቀረው የፊትና የኋላ ጎማዎቹን ፍሬን ማመጣጠኑ ነበር። ያለ ኮሚቴው ፈቃድ ደግሞ የልደትም ሰልፍ ቢሆን አይወጣም።

«ለፊቱ በዛ፣ ለኋላው ቀነስ አድርጌ ነው የማስይዘው» አለች ኦዳሊስ።

ሊቀመንበሩ ጓድ ሊሳርዶ መነጽራቸውን አወለቁ። «ለምን ሲባል?»

«ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳላ! ኋላው እኩል ከተያዘ ይቆልፍና መኪናዋ ትሽከረከራለች።»

«የኋላ ጎማ ምን ባጠፋ ነው የሚበደለው?»

«ጓድ፣ ጎማ እኮ ነው!»

«ዛሬ ጎማ፣ ነገ ሰው!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ጉባኤው በጥልቀት ከተወያየ በኋላ አራቱም ጎማዎች እኩል እንዲያዙ በሙሉ ድምፅ ወሰነ፤ ያንቀላፉትም ነቅተው እጃቸውን አወጡ። ኦዳሊስ እየተራገመች እኩል አደረገችው።

ቀኑ ደረሰ። ዩስሌይዲ የኋላ መቀመጫው አናት ላይ እንደ ንግሥት ተሰየመች። መኪናዋ ቁልቁለቱን አጋምሳ ሳለ ለድግሱ የተገዛው አሳማ ገመዱን በጥሶ መንገዱ መሐል ገባ። ኤቫሪስቶ ፍሬኑን ረገጠ። የኋላ ጎማዎች መብታቸውን ሙሉ በሙሉ ተጠቀሙ፤ መኪናዋ ዞረችና ቁልቁለቱን በጀርባዋ ተያያዘችው።

«አባዬ! ወደ ኋላ እኮ ነው የምንሄደው!»

«ፈገግ በይ፣ ፎቶ እያነሱ ነው!»

መኪናዋ አደባባዩ ላይ፣ ከበሮ መቺዎቹ አፍንጫ ሥር ቆመች። ማንም አልተጎዳም። ሕዝቡ ታስቦበት የተደረገ መስሎት አጨበጨበ። ኤቫሪስቶ ግን ልጁን ከመቀመጫው አውርዶ አቀፋት።

ጓድ ሊሳርዶ ወዲያው ድምፅ ማጉያውን ያዙ። «ጓዶች! ፊትና ኋላ ያለ አንዳች አድልዎ ቦታ ሲለዋወጡ በዓይናችን አየን!»

ጭብጨባው ሲበርድ ኤቫሪስቶ ጠጋ አላቸው። «ጓድ፣ የእርስዎም ልጅ በሚመጣው ወር አሥራ አምስት ትሞላለች አይደል? መኪናዋን በነፃ ልስጥዎት። ፍሬኑን አልነካውም፤ እንደተወሰነው እኩል ይሁን።»

ሊቀመንበሩ ቁልቁለቱን ከታች እስከ ላይ ቃኙት።

«የእኔዋ በእግሯ ትወርዳለች» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያለችኝ እኮ አንድ ልጅ ናት።»