አሥሩ ፈሊጦችና የእኔ ፊርማ

እንግሊዝኛ የሚናገር ሰው ነገሩን ቀጥ አድርጎ የሚናገር የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ ወላሂ ተታላችኋል! እኛን ዙሪያ ጥምጥም ትወዳላችሁ ይሉናል እንጂ እንደ እነሱ ነገር የሚያዞር የለም። ትንሽ ሲያማቸው "ከአየሩ በታች ነኝ" ይላሉ። ሊተኙ ሲሉ "ጆንያውን ልምታ" ይላሉ። ጆንያው ምን አጠፋ? እስቲ እናንተ ፍረዱ...

ይህን ሁሉ መጽሐፍ አገላብጬ ያገኘሁት እንዳይመስላችሁ። አምስተኛ ክፍል ከምትማረው ልጄ ከሀያት ነው የሰማሁት። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ስለሆነ ልጄ በአንድ ክፍል ትበልጠኛለች። ቢሆንም እናት ነኝና፣ ከትምህርት ቤት በተመለሰች ቁጥር ደብተሯን ገጽ በገጽ አያለሁ፤ በቀይ እስክሪብቶ ራይት አደርጋለሁ፤ "ጎበዝ!" እላለሁ። ጥንቃቄ አብሮኝ የተወለደ ነው። የጋዙን ሲሊንደር መዝጋቴን ሦስት ጊዜ ሳላረጋግጥ ከቤት አልወጣም። አንዳንዴ ታክሲ ተራ ከደረስኩ በኋላም ለአራተኛ ጊዜ እመለሳለሁ።

ታዲያ ባለፈው ወር የእንግሊዝኛ መምህሩ አንድ ወረቀት ላኩ። አሥር የእንግሊዝኛ ፈሊጦች ተደርድረውበታል። ከጎናቸው ሀያት ትርጉሙን በአማርኛ ትጽፋለች። ከዚያ ቀጥሎ ለወላጅ የተተወ ሳጥን አለ፤ ከላዩ በአማርኛ "ተማሪው ይህን አነጋገር በእውነተኛ አጋጣሚ ሲጠቀምበት መስማቴን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ" ይላል። ጊዜው ሁለት ሳምንት ነው። ከአሥሩ ፊርማ አንዱ ከጎደለ የተመደበለት ሃያ ማርክ እንዳለ ይሰረዛል። ሀያት ባለፈው ሴሚስተር እንግሊዝኛ ከደረጃ አውጥቷት ሁለት ቀን ሙሉ ምግብ አልቀምስም ብላ ነበር። ስለዚህ ሃያ ማርክ በእኛ ቤት ቀልድ አይደለም!

ጎረቤቴ የበረከት እናት፣ ልጇ ከሀያት ጋር ነው የሚማረው፣ ወረቀቱን የተቀበለች ዕለት እዚያው በር ላይ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ አሥሩንም በአንድ ትንፋሽ ፈረመችው።

"አንብበሽዋል?" አልኳት።

"ምኑን?"

"'መስማቴን አረጋግጣለሁ' ይላል እኮ! ሰምተሻል?"

"አንቺ ሴትዮ፣ ፍርድ ቤት የቆምሽ መሰለሽ? ፈርሚና ተገላገይ!"

እኔ ግን አልቻልኩም። ፊርማ ምስክርነት ነው። ያልሰማሁትን ሰማሁ ብዬ ብፈርም ሆዴ ሰላም አይሰጠኝም። ስለዚህ እናትና ልጅ እውነተኛ አጋጣሚ ፍለጋ ወጣን።

የመጀመሪያውን ገበያ ላይ አገኘነው። ከጃጁራ የመጣች ቅቤ ሻጭ ዋጋ ስትጠራ ሀያት ድምጿን ከፍ አድርጋ በእንግሊዝኛ "እጅና እግር ያስከፍላል!" አለች። በጣም ውድ ነው ማለት ነው። ሴትዮዋ በሃዲይኛ ጠየቀችኝ፤ "ምን አለች?"

"ተወደደ ነው የምትለው።"

"ታዲያ እንደ ሰው አትከራከርም? ለመወደዱማ እኔም ተወዶብኛል!"

ቅቤውን እያሸተትኩ ነበርና በቅቤ እጄ ፈረምኩ። ወረቀቱ ወዛ።

ቀጥሎ "በረዶውን ስበር" መጣ። ከማያውቁት ሰው ጋር ጨዋታ መጀመር ማለት ነው። ባለቤቴ ከድር ወደ ዶዮገና ሚኒባስ ይነዳል፤ አብረነው ሄድን። ሀያት አንድ ፊታቸውን አጥቁረው የተቀመጡ አዛውንት አጠገብ ሆና ፈሊጡን በእንግሊዝኛ ካለች በኋላ "አባባ፣ ዘንድሮ ድንች እንዴት ነው?" አለቻቸው። ሰውየው እስኪጠየቁ ብቻ ነበር ለካ የሚጠብቁት! የድንቹን በሽታ፣ የልጃቸውን ሠርግ፣ የወንድማቸውን ክፋት ሲተርኩልን ዶዮገና ደረስን። ከድር ከፊት ሆኖ "በረዶው ተሰበረ፣ ጎርፉን ማን ያቁመው!" ይላል። እኔም በሚነጥረው መኪና ውስጥ ፈረምኩ፤ ፊርማዬ ዳገት ወጣ፣ ቁልቁለት ወረደ።

"ከአየሩ በታች" አስቸገረን። ቤታችን አንድ በሽተኛ ጠፋ! በሌላ ጊዜ ልጄ ካስነጠሰች ጤና ጣቢያ የምሮጥ ሴት፣ ጠዋት ጠዋት የሰው ግንባር እየዳሰስኩ ትኩሳት ስፈልግ ሰነበትኩ። በመጨረሻ እኔኑ ጉንፋን ጣለኝ። "አልሃምዱሊላህ! ሀያት፣ ቶሎ ነይ፣ ሳይሻለኝ!" ብዬ ጮህኩ። በተኛሁበት ፈረምኩ።

ከድርም ጥርሱን ሊያስነቅል ሲሄድ "ጥይቱን ንከስ" አለችው፤ ቻለው ማለት ነው። "በየትኛው ጥርሴ?" ብሎ ተቆጣ። ፈረምኩ። እንዲህ እንዲህ እያልን ዘጠኝ ደረስን።

አሥረኛው "ክፍሉ ውስጥ ያለው ዝሆን" ይላል። ሁሉም እያወቀው ማንም ደፍሮ የማያነሳው ነገር ማለት ነው አሉ። እንግዲህ እንደ እኛ አገር ይሉኝታ ዝሆን ያልገባበት ቤት ከየት ይገኛል? ግን ማን ያውጣው? እሑድ ከሰዓት ሆነ፤ ወረቀቱ ለሰኞ ጠዋት ነው። ሀያት ወረቀቱን ይዛ ፊቴ ቆማለች።

"በቃ ፈርሚላት" አለ ከድር።

"ሳልሰማ አልፈርምም!"

"በአንድ ዝሆን የልጅቷን ሃያ ማርክ ልታስበይ ነው!"

ሀያት አባቷን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝና ፈሊጡን በእንግሊዝኛ ቀስ ብላ አለችው።

"የታለ ዝሆኑ?" አልኳት።

"እማ... ትቆጪኛለሽ?"

"ወላሂ አልቆጣም።"

"አንቺ እንግሊዝኛ ማንበብ አትችዪም። እኔም አውቃለሁ፣ አባዬም ያውቃል።"

ከድር ድንገት ጫማውን ማሰር ጀመረ። ማሰሪያ የሌለው ጫማ ነው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?"

"ከሁለተኛ ክፍል። መምህሯ በእንግሊዝኛ 'ልጅዎ ታወራለች፣ ትምህርት ቤት ይምጡ' ብላ ጽፋ ነበር። አንቺ ራይት አደረግሽበትና 'ጎበዝ!' አልሽኝ።"

እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? ፊደሎቹን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ሲሰባሰቡ ነው የሚያሙኝ። ያን ሁሉ ዓመት በቀይ እስክሪብቶ ስከልለው የኖርኩትን ነገር ልጄ አዝናልኝ ዝም ብላኝ ኖራለች። አልቅሻለሁ፤ አልዋሽም። ግን አጋጣሚው እውነተኛ ነው፤ በጆሮዬም ሰምቻለሁ። ፈረምኩ። እንባዬ ወድቆበት ቀለሙ ፈሰሰ።

ያበቃ መስሎኝ ነበር። ረቡዕ ለወላጆች ስብሰባ ተጠራን። መምህሩ የሀያትን ወረቀት ከፍ አድርገው ያዙና "የማን ልጅ እንደሆነች አልናገርም። ግን ተመልከቱ! አሥር ፊርማ፣ አሥር ዓይነት! ልጅቷ ራሷ ነው የፈረመችው። ማርክ አልሰጥም። የሌሎቻችሁ ግን አሥሩም ቁርጥ አንድ ነው፤ እናመሰግናለን!" አሉ። የበረከት እናት ጣሪያውን ታይ ጀመር።

ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። "የእኔ ልጅ ናት። የፈረምኩትም እኔ ነኝ" አልኩ።

"ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?"

"እሱ ቅቤ ነው።"

"ይሄስ?"

"የዶዮገና መንገድ ነው። ያኛው ደግሞ ጉንፋን ነው።"

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። መምህሩ አልሳቁም፤ አሥረኛውን በጣታቸው ነኩ። "ይሄ የተበላሸውስ?"

የሀያት ሃያ ማርክ ምላሴ ጫፍ ላይ ነው። "እሱ... እንግሊዝኛ ማንበብ እንደማልችል ልጄ የነገረችኝ ዕለት ነው" አልኩ።

አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየኝ። እዚያው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። ከጎኔ ግን የበረከት እናት እንደ ተማሪ እጇን አወጣች። "እኔም አልችልም።" ከኋላ አንድ አባት "እኔማ አማርኛውንም በልጄ ነው" አለ። ከዚያ በኋላ እጁን ያላወጣውን መቁጠር ይቀላል።

መምህሩ እስክሪብቶ አወጡና ሃያውን በቀይ ጻፉላት። ርዕሰ መምህሩም ነገሩ እንደከነከናቸው ተናገሩ፤ ከእንግዲህ ለወላጅ የሚላክ ማስታወሻ ሁሉ በአማርኛ እንዲሆን ተወሰነ። አጨበጨብን። ጸሐፊዋ ውሳኔውን በቃለ ጉባኤ ላይ አሰፈረችና ወላጆች እንዲፈርሙበት መዝገቡ ዞረ። ሁሉም ጉልበቱ ላይ እያስቀመጠ ይፈርማል። ተራው እኔ ዘንድ ደረሰ። አየሁት።

በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው።

እስክሪብቶውን አስቀመጥኩና "ልጄን ከክፍል ጥሩልኝ" አልኩ።