ሙሽራ የመሰልኩባት ቀይ መኪና

ዛሬ እዚህ መሐል ሜዳ ከተማ ላይ የሆንኩትን ብነግራችሁ ማን ያምነኛል? ጥቁር ለብሼ፣ የሰርግ ዘፈን እያስጮኽኩ፣ ከንስሐ አባቴ ጋር ሙሽራ ሆንኩ!

አትሳቁ።

እሺ፣ ሳቁ። እኔ ግን ገና አልቻልኩም።

ይህ ፔጅ የአሸብር ነው። የምጽፈው እኔ ነኝ፣ ሚስቱ። እሱ ካረፈ ዓመት አልሞላውም። ስልክ ላይ ስጽፍ ቀርፋፋ ነኝና ታገሡኝ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። አሸብር ማንም ሳያስተምረው መኪና ዲዛይን የሚያደርግ ሰው ነበር። አባቱ የተዉትን፣ ገብስና በግ ወደ ደብረ ብርሃን ሲያመላልስ ያረጀውን ላንድሮቨር ቆራርጦ ዝቅ አደረገው። የዘይት በርሜል ቀጥቅጦ አለበሰውና ስፖርት ካር ሆነ! ቀይ ናት። በሮቿ እንደ ክንፍ ወደ ላይ ይከፈታሉ። ከመሬት የምትርቀው አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። የሰፈሩ ሰው "እንቁራሪቷ" ይላታል። አሸብር በዚህ ስም ይናደድ ነበር።

ግን ትመስላለች። ምን ላድርግ?

ጣጣው የመጣው ከላንድሮቨሩ ነው። የአሸብር ታላቅ ወንድም ጋሽ ሸዋንግዛው ቀየት የሚባል ቦታ ላይ ወፍጮ ሊተክሉ ነው፤ ሞተሩን ፈለጉት። ክፉ ሰው አይደሉም፣ የሚያሳድጓቸው ልጆች አሏቸው። "አባታችን ለሁለታችን የተዉት ላንድሮቨር እንጂ ቀይ ቆርቆሮ አይደለም" አሉ።

እኔ ደግሞ ከአሸብር የቀረችኝ እሷ ናት። ልጅ አልወለድንም። ግቢ ውስጥ ቆማ ሳያት አሁንም ከሥሯ ተኝቶ ብሎን የሚያጠብቅ ሰው ያለ ይመስለኛል።

ሽማግሌ ተቀመጠ። የንስሐ አባታችን አባ ጥበቡ እንዲህ ብለው ፈረዱ፦ "መኪና ከሆነች ትሂድ። ሳትገፋና ሳትቆም ከግቢው እስከ ሚካኤል መገንጠያ ከደረሰች የአሸብር ሥራ ናትና ለሚስቱ ትሁን። ከቆመች ብረት ናት። ብረቱ የአባት ውርስ ነው፤ ሸዋንግዛው ሞተሩን ይውሰድ።"

"ራሴ እነዳታለሁ!" አልኩ።

አፌን የሚይዝልኝ ሰው ጠፋ! በርግጥ ገና ላንድሮቨር ሳለች አሸብር ፍሪሲዮንና ማርሽ አስተምሮኛል። መንዳቱ አላሳሰበኝም። ያሳሰበኝ ቴፑ ነው።

አዎ፣ ቴፑ።

አሸብር ሌባ ስለሚፈራ የሞተሩን ኤሌክትሪክ በቴፑ በኩል አሳልፎታል። ቴፑ ካልጮኸ ሞተሩ አይነሳም። ቴፑ ከጠፋ ሞተሩም ይጠፋል። "ዘፈን ከፍቶ የሚሰርቅ ሌባ የለም" ይል ነበር። ጭንቅላቱ እንዲህ ነበር የሚሠራው!

ውስጡ ያለው ካሴት ደግሞ የሰርግ ዘፈን ነው። ከበሮው፣ እልልታው፣ ሁሉም አለ። እኔ ሐዘንተኛ ነኝ። ስለዚህ አስቀድሜ ከጎረቤት የመዝሙር ካሴት ተዋስኩ። ብልጥ ነኝ አይደል?

የድሮው ካሴት አልወጣም። በቢላ ሞከርኩ፣ በሹካ ሞከርኩ፣ በልመና ሞከርኩ። ድምፁን ልቀንስ ብዬ መቀነሻውን በፒንሳ አዞርኩት። ወደ ላይ አዞርኩት! ከዚያ እጄ ላይ ተሰበረ።

ሽማግሌዎቹ ደግሞ በር ላይ ደርሰዋል።

አባ ጥበቡ ምስክር እንዲሆኑ አጠገቤ ሊቀመጡ ነው። በሩን ወደ ላይ ከፈትኩላቸው። ጎንበስ ብለው አዩት።

"ልጄ፣ ይህ ወንበር ነው ወይስ ጉድጓድ?"

"ወንበር ነው አባ። ቀስ ብለው ይውረዱ።"

"እኔ እንኳ ያሰብኩት ለመቀመጥ ነበር" አሉ።

ወረዱ። ጉልበታቸው ከጺማቸው ጋር ተገናኘ። ከሰማይ በቀር የሚታያቸው ነገር አልነበረም።

ቁልፉን አዞርኩት።

እልልልልልል!

"በስመ አብ! ምንድነው ይኼ?"

"ሞተሩ ነው አባ!"

ከግቢ ወጣን። የአንድ ለአምስት ስብሰባ እንኳ ያን ያህል ሰው ሰብስቦ አያውቅም። ልጁ፣ ውሻው፣ ነጋዴው ሁሉ ተከተለን። እህል የሚሸጡ ሴቶች ዘፈኑን ሲሰሙ እልል አሉ። ጥቁር ልብሴን ሲያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ይህን ባላይ ምን ነበረበት?

ከዚያ አንድ የሚኒባስ ረዳት፣ ከሰው አገር የመጣ መሆን አለበት፣ በመስኮት ተንጠልጥሎ ጮኸ።

"ሙሽሪት! ሙሽራው የታለ?"

መሪው ላይ አጎነበስኩ።

"ያውልህ አጠገቧ! ጺማሙ!" አለው ሹፌሩ።

አባ ጥበቡ ጋቢያቸውን ከነጥምጣማቸው ፊታቸው ላይ ጣሉት።

እኔ መሪውን ጨብጬ አለቅስ ነበር። ግን ስሙኝ፣ ከሐፍረት አይደለም! ሁለተኛ ማርሽ ገባች። ጉድጓዱን አለፈች። ያን ሁሉ ሌሊት በኩራዝ ብርሃን ሲቀጠቅጣት "መቼም አትነቃነቅም" ሲሉት የኖሩ ሰዎች በግራና በቀኝ ቆመው ያዩናል። አሸብር፣ ትሄዳለች! እየሄደች ነው!

መታጠፊያውን ስዞር መገንጠያው ታየኝ። ጋሽ ሸዋንግዛው ነጭ ጋቢ ለብሰው ሲጠብቁን ታዩኝ።

በእኔና በእሳቸው መካከል ግን ከደብረ ብርሃን የመጣ ሌላ ሚኒባስ ቆሟል። ጣራው ላይ የሬሳ ሳጥን አለ።

እማማ አስካለ ናቸው። ለሕክምና ሄደው ነበር። ማረፋቸውን ከተማው ገና አልሰማም፤ ጩኸቱ ያኔ መጀመሩ ነው። አሸብር የሞተ ቀን ራሴን እንዳልፈጠፍጥ ወገቤን ይዘው ያደሩት እሳቸው ናቸው።

ልጃቸው ደረቷን እየመታች ዞር አለች። እኔን አየች። የእኔ ከበሮ ይደልቃል፣ የእኔ ካሴት ሴቶች እልል ይላሉ።

መንገዱ በጎን ያሳልፋል። ነዳጅ ብረግጥ አልፋለሁ። ከዚያ በኋላ የፈለገውን ያህል ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ከጋቢው ሥር አባ ጥበቡ "ደረስን?" አሉ።

"አልደረስንም አባ።"

ቁልፉን አዙሬ አጠፋኋት።

ዘፈኑ ቆመ። ሞተሩ ቆመ። የሰው ለቅሶ ብቻ ቀረ።

እሪ ብዬ ወርጄ ሮጥኩ። ልጃቸው አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። አብረን እያለቀስን ሳለን ከኋላዬ "ኧረ የሰው ያለህ፣ አውጡኝ!" የሚል ድምፅ መጣ።

አባን ረስቻቸው ነበር!

ሁለት ሰዎች እጃቸውን፣ ሁለት ሰዎች እግራቸውን ይዘው ጎተቷቸው። ጥምጣማቸው መኪናዋ ውስጥ ቀረ። ከአልቃሾቹ አንዷ ሙሾ እያወረደች ሳለ ሳቋ አመለጣት። በእማማ አስካለ ለቅሶ ላይ! ያሳቅኋት እኔ! እስካሁን ፊቴ ይቃጠላል።

ጋሽ ሸዋንግዛው መጡ። መጀመሪያ አለቀሱ። ከዚያ ወደ መኪናዋ ዞሩ።

"ቆማለች" አሉ።

አባ ጥበቡ የወጣላቸውን ጥምጣም እያስተካከሉ "ያቆማት ለቅሶው እንጂ ሞተሩ አይደለም" አሉ።

"እንግዲያው ታስነሳትና ትለፍ። እኔ ምን አልኩ?"

ሁሉም ወደ እኔ አየ። ቁልፉ እጄ ላይ ነው። ሳጥኑን ከጣራው እያወረዱ ነው።

"አላስነሳትም" አልኩ።

አባ ጥበቡ "ሐዘኑ ይለፍና ሌላ ቀን ትሞከር" ብለው ለመኑልኝ። ጋሽ ሸዋንግዛው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አባ፣ ሳትቆም ያሉት እርስዎ ነዎት። ሳትቆም ደርሳ ቢሆን ኖሮ ለእኔ ሌላ ቀን ይሰጡኝ ነበር?"

አባ "እውነትህን ነው" አሉ። እኔም ቁልፉን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

ከቀብር መልስ ገፍተን ወደ ግቢ አስገባናት። ጋሽ ሸዋንግዛው ራሳቸው ከኋላ ገፉ፤ እኔ መሪ ያዝኩ። ጠዋት የተከተለን ልጅ ሁሉ መንገድ ዳር ቆሞ ያያል። ስትገፋ ምንም ድምፅ የላትም። ብረት የሆነችብኝ ያን ጊዜ ነው።

ነገ ጠዋት መካኒክ መጥቶ ሞተሩን ያወጣል። ቆርቆሮው ለእኔ ነው፣ ከነክንፏ። ዶሮ ላረባባት?

ትምህርቱ ምንድነው ካላችሁ፣ መኪና የምትሠሩ ወንድሞቼ፣ እባካችሁ የቴፑን ገመድ ለብቻው ዘርጉት! ሚስት ያለው ሰው ደግሞ እሞታለሁ ብሎ ያስብ።

እናንተ ብትሆኑ ሞተሩን ታጠፉት ነበር? "አዎ" የምትሉ አሁኑኑ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። "አልፌ እሄድ ነበር" የምትሉ ግን ሞተሩ እስኪወጣ ድረስ አደራ፣ ዝም በሉኝ።