ጋሽ ቢሆንስ እና የአምስተኛ ፎቋ ሶኬት

መሥሪያ ቤት ያለ ሥራ አስኪያጅ ወር ሊከርም ይችላል፤ ያለ አንድ «ቢሆንስ?» ባይ ግን ሳምንት አይዘልቅም። እናንተም ታውቋቸዋላችሁ። በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ ይዘው የሚወጡት፣ ቆልፈውት የመጡትን በር ለማየት ከመንገድ የሚመለሱት እነሱ ናቸው። ጉዞ ሲባል «መኪናው ቢበላሽስ?» ይላሉ። ስብሰባ ሲባል «መብራት ቢጠፋስ?» ይላሉ። ምሥራች ቢነገራቸው እንኳ ከእልልታው በፊት «ወሬው ውሸት ቢሆንስ?» ማለታቸው አይቀርም። ሰውን በነገር ያሰለቹታል፤ ቁልፍ የጠፋበት ሁሉ ግን እየሮጠ የሚሄደው ወደ እነሱ ነው።

የኔትወርክ ክፍሉ ክቡር ጋሽ ቢሆንስ ለዚህ ማዕረግ የበቁት በሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎት ነው። እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም ከሠራተኛ መዝገብ በቀር የትም አይጠራም። ቦርሳቸው ውስጥ የእጅ ባትሪ አለ። እሱ እምቢ ቢል ሌላ የእጅ ባትሪ አለ። ሁለተኛው በጨለማ ቢጠፋ የሚፈለግበት ሦስተኛ ትንሽ ባትሪ ደግሞ ከቁልፋቸው ጋር ተንጠልጥሏል። ሊፍት ከተሳፈሩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። መሳቢያቸው ውስጥ ቀኑ ያልተጻፈበት የሕመም ፈቃድ ማመልከቻ ተፈርሞ ተቀምጧል። «ድንገት ብታመምና እጄ አልጽፍ ቢለኝስ?» ብለው ነው።

ክፍሉ ከአምስተኛ ፎቅ ወደ ሦስተኛ ፎቅ የተዛወረ ዕለትማ ጉድ አፈሉ። የላይኛው ፎቅ የኔትወርክ መስመር በሙሉ ይነቀል ተብሎ ታዞ ሳለ፣ እሳቸው ከአንዲት የግድግዳ ሶኬት ፊት ለፊት ወለሉ ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። «ሁሉንም ንቀሉ፤ ይህቺን አንዷን ግን አትንኩብኝ። ድንገት ብንፈልጋትስ?» አለቃው ለመኑ፣ ተቆጡ፣ በመጨረሻም ደከማቸውና ትተዋቸው ሄዱ። ሶኬቷም ከነመስመሯ ቀረች።

ከፊት ለፊታቸው የምትቀመጠው ወጣት ደግሞ ፍጹም ተቃራኒያቸው ናት። ጎበዝ ናት፣ እጇ ፈጣን ነው፣ መሥሪያ ቤቱም «ጥድፊያ» የሚል ስም አውጥቶላታል። የሻይ ትኩስነት ሳይገታት ምላሷን የምታቃጥል፣ ጥያቄው ሳያልቅ የምትመልስ ዓይነት ናት። የምትፈራው ነገር አንድ ብቻ ነው። የኔትወርክ ባለሙያነት ማረጋገጫ ፈተናውን ሁለት ጊዜ ወድቃለች፤ ሁለቱንም ጊዜ የጣላት አንድ ምዕራፍ ነው፦ ራውተርን ከሩቅ ሆኖ ማስተዳደር። ኮንትራቷ በወሩ መጨረሻ ያልቃል። ቋሚ የምትሆነው የምስክር ወረቀቱን ካመጣች ብቻ ነው። ሦስተኛው ፈተና ዓርብ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር።

ታዲያ ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? የአምስት ሰዓት መንገድ ርቆ የሚገኘውን የመጋዘኑን ራውተር ከፈተች። አለቃው «ወደዚያ ራውተር ከእኛ ክፍል በቀር ማንም እንዳይገባ አድርጊ» ብለዋት ነበር። ሰኞም ይደርስ ነበር። እሷ ግን ያንን ጠላቷን ምዕራፍ በገዛ እጇ ሠርታው ልትፈተን ፈለገች።

«ልጄ፣ ዛሬ ይቅርብሽ» አሉ ጋሽ ቢሆንስ መነጽራቸውን እየወለወሉ። «ብትሳሳቺስ?»

«ኧረ ጋሼ፣ ሁለት መስመር ትእዛዝ ናት!»

«እሺ፣ ሁለት መስመር ናት። መመለሻሽን ግን አስበሻል? ራስሽን ውጭ ብትቆልፊስ?»

«ጋሼ፣ በእናትዎ ሟርትዎን ይተዉኝ!»

ይግቡ የተባሉትን ኮምፒውተሮች የኔትወርክ ቁጥር ጻፈች። ሳትሞክረው ሴቭ አደረገችው። ስክሪኑ ቀጥ አለ። እንደገና ልትገባ ስትል ራውተሩ አላውቅሽም አላት። በሌላ ኮምፒውተር ሞከረች፤ አሁንም አላውቅሽም። መጋዘን ደውላ አጥፍታችሁ አብሩት እንዳትል፣ ሴቭ ያደረገችው ነገር ጠፍቶ ቢበራም አይለቅም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የእሷን ለመልቀም ግን አምስት ሰዓት መነዳት ነበረበት።

አለቃው ሰምተው መጡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ከሰዓት በኋላ በዚያው ራውተር ገብተው ለመጋዘኑ አዲስ መስመር መክፈት አለባቸው።

«እስከ ረፋዱ አምስት ሰዓት ካልተከፈተ መኪና አዛለሁ። ሄደሽ እዚያው ትከፍቺዋለሽ» አሉ።

«ፈተና አለብኝ እኮ! ሦስተኛዬ ነው!»

«አውቃለሁ የኔ ልጅ። ሌላ ማንን ልላክ? ጋሽ ቢሆንስ የመኪናውን ጎማ አይተው እስኪጨርሱ ይመሻል።»

ጥድፊያ ጠረጴዛዋ ላይ ተደፍታ ማልቀስ ጀመረች። ጋሽ ቢሆንስም «ነግሬሽ አልነበር?» አላሉም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ለማለት የሚመች ቀን ሲጠብቁ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ቀኑ ሲመጣ ግን ወንበራቸውን ስበው ተጠጓት።

«በይ አይዞሽ። ማንን ይግባ ብለሽ ነው የጻፍሽው? እስቲ አንብቢልኝ።»

አፍንጫዋን ጠርጋ ማንበብ ጀመረች። መሐል ላይ ጣቷ አንድ ቁጥር ላይ ቆመ። እያንዳንዱ ፎቅ የራሱ የኔትወርክ ቁጥር አለው፤ የጻፈችው የአምስተኛ ፎቅን ነበር። ሁለት ዓመት ስትጽፈው ኖራ ከወር በፊት የተዉትን ቁጥር፣ እጇ በልማድ ደገመው።

«ጋሼ… እኛ እኮ ሦስተኛ ፎቅ ነን።»

«እኛማ ሦስተኛ ነን። ራውተሩ ግን አምስተኛ ፎቅ ላለ ሰው ይከፍታል» አሉና ቦርሳቸውን አነገቱ።

«ሶኬቷ!» ብላ ጮኸች። ላፕቶፕ ኮምፒውተሯን አንሥታ ወደ ሊፍቱ በረረች፤ እሳቸው ደግሞ «መሐል ላይ ቢቆምስ?» ብለው ወደ ደረጃው ዞሩ። ምን ታድርግ፣ ያለ እሳቸው ሶኬቷ የት ግድግዳ ላይ እንዳለች አታውቅም። ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለች ትወጣለች፣ ተመልሳ ወርዳ ክንዳቸውን ይዛ ትጎትታለች።

«ቀስ በይ እንጂ፣ ልቤ ቀጥ ብትልስ?»

«ተሸክሜዎት እወጣለሁ!»

አምስተኛ ፎቅ የሥልጠና ክፍል ሆኗል። ሶኬቷ የተገኘችው ከክፍሉ ኃላፊ ጠረጴዛ ሥር ነው፤ ኃላፊዋ ደግሞ ኮስታራ ወይዘሮ ናቸው፣ ስልክ እያነጋገሩ ነበር።

«ይቅርታ እትዬ፣ እግርዎን ትንሽ ያንሡልኝ» ብላ ጥድፊያ ከሥር ገባች።

«ኧረ ምን ጉድ ነው!» አሉ ወይዘሮዋ ለስልኩም ለጠረጴዛውም።

ጋሽ ቢሆንስ ከቦርሳቸው የኔትወርክ ገመድ አውጥተው ኮምፒውተሯን ከሶኬቷ ጋር አገናኙ። ገመዱ አልሠራም። ጥድፊያ ፊቷ ዐመድ መሰለ። እሳቸው ምንም ሳይመስላቸው ሁለተኛ ገመድ አወጡ፤ ሠራ። ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ሞከረች፤ ራውተሩ የይለፍ ቃል ጠየቃት። ለመጀመሪያ ጊዜ የይለፍ ቃል መጠየቅ እንደ እንኳን ደህና መጣሽ ሆኖ ተሰማት። ገባች። የሦስተኛ ፎቅን ቁጥር ጨመረች። እጇ ወደ ሴቭ ሲሮጥ ያዘችውና መጀመሪያ አለቃው ዘንድ ደወለች።

«እስቲ ከዚያ ሆነው ይሞክሩልኝ።»

«ቆይ… ገባሁ!» አሉ አለቃው።

ያኔ ሴቭ አደረገችው። እፎይ! ጥድፊያ በደስታ የወይዘሮዋን ጉልበት አቅፋ ሳመችው፤ ከጠረጴዛው ሥር በቅርብ ያገኘችው እሱን ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ ፈተናው ጀመረ። አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ስትደርስ ዓይኗን ማመን አቃታት፦ አንድ ባለሙያ ወደ ሩቅ ራውተር ማን ይግባ የሚል ዝርዝር ጽፎ ራሱ መግባት አቃተው፤ በቅድሚያ ምን ይመርምር? ሳቋ አመለጣት። ፈታኙ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ አፈጠጠባት። ያንን ምዕራፍ እንዳለ ጠራርጋ ሠራችው፤ አሥር ሰዓት ላይም ማለፏ ስክሪኑ ላይ ወጣ። ሁለት ጊዜ አንብባ፣ አንዴ ደግሞ በጣቷ እየተከተለች አንብባ፣ ወንበሯ ላይ ዘና ብላ ተነፈሰች። እንዲህ እፎይ ካለች ዓመት አልፏት ነበር።

ስትወጣ የፈተና ጣቢያው ኮሪደር ላይ ጋሽ ቢሆንስ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጫማቸው አቧራ ለብሷል።

«ጋሼ! እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«መታወቂያሽን ረስተሽ ቢሆንስ ብዬ ነው። ኮፒውን ከመዝገብ ቤት ይዤ መጣሁ። በእግሬ ስለሆነ ዘግይቼ ደረስኩ መሰለኝ።»

«አለፍኩ እኮ ጋሼ! አለፍኩ!»

የውጤት ወረቀቱን ተቀብለው ብዙ አዩት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ መነጽራቸውን አውልቀው መወልወል ጀመሩ። ከዚያ ቀና ሳይሉ፣ «እኔ አራት ጊዜ ተመዝግቤ ነበር» አሉ።

«እርስዎ? መቼ ተፈተኑ?»

«አልተፈተንኩም። አራቱንም ጊዜ እዚሁ ወንበር ድረስ መጣሁ። ብወድቅስ አልኩ። ወደ ቤቴ ተመለስኩ።»

ጥድፊያ አጠገባቸው ተቀመጠች። ያንን ሁሉ ምዕራፍ ያስጠኗት፣ ስትወድቅ «በርቺ፣ ድገሚው» ያሏት እሳቸው ናቸው። በየቀኑ የምትነጫነጭባቸውን ሰው እንደ አባቷ እንደምትወዳቸው ያን ጊዜ ገባት። እጅጌያቸውን ይዛ አስነሣቻቸውና ወደ ምዝገባው መስኮት ወሰደቻቸው። እሳቸውም ተከተሏት።

«ለመቼ ላስይዝልዎ?» አለች መዝጋቢዋ። «ማክሰኞ ጠዋት ክፍት ቦታ አለ። በደንብ ልዘጋጅ ካሉ ደግሞ በወሩ መጨረሻ…»

«የወሩ መጨረሻ አይሆንም» አሉ ጋሽ ቢሆንስ የመስኮቱን ደፍ ጨብጠው። «እስከዚያ እሸሻለሁ። ማክሰኞ ያድርጊልኝ።» ከዚያ ወደ ጥድፊያ ዞሩ። «አንቺ ደግሞ ልጄ፣ በጠዋት ቤቴ ድረስ መጥተሽ አውጪኝ። ፈተናው ክፍል እስክገባ ድረስ እጄን እንዳትለቂኝ።»