የፊታውራሪ ምጣጭ ሹመት

ካርታ ነዳፊዎች ስሟን የሚጽፉበት ቦታ ያጡላት፣ የሹማምንቷ ቁጥር ግን ከዜጎቿ ቁጥር ብዙም የማያንስ አንዲት የተባረከች አገር ነበረች። በዚያች አገር አንድ የጸና ሕግ ነበር፤ ይኸውም አገርን የጠቀመ ሁሉ ይሾማል፣ የተሾመ ደግሞ ዳግመኛ ሥራ አይነካም የሚል ነው። ስለዚህ ጎበዝ አናጺ የተገኘ እንደሆነ በማግሥቱ ካባ ይደረብለትና መዶሻው ይወሰዳል፤ ቤት የሚሠራው ገና ያልጎበዘው ይሆናል። ቤቶቹ ሁሉ ወደ ግራ ዘመም ያሉት ለዚህ ነው፤ ሰዉም አብሮ ዘመም ብሎ ተደስቶ ይኖር ነበር። ሌላው ዓለም ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላል፤ እዚያ ግን መሻር የሚባል ነገር ስላልነበረ የሚቆጨው አልተገኘም።

ከወንዙ ዳር የሸንኮራ አገዳ መጭመቂያ ነበር፤ የሚያዞረው ወንዙ፣ የሚመራው ይርዳው የሚባል ሰው። ይርዳው ሃያ ዓመት ሙሉ ከሹመት ተርፎ የሠራው ሥራው ሰምሮለት ስለማያውቅ ነው። ጭማቂውን አፍልቶ ስኳር ለማድረግ ዛፍ ያስቆርጣል፤ ጭማቂው የወጣለት ምጣጭ ደግሞ ከጀርባ ተከምሮ ይበሰብሳል። ጫካው አልቆ ሦስት ዋርካ ሲቀር ግን ይርዳው ተጨነቀ። እሳቱ ከጠፋ ስኳር የለም፤ ይርዳውም ከዚያ እሳት ሌላ በዚህ ዓለም የሚወደው ነገር ከሚስቱ በቀር አልነበረውም።

አንድ ቀን ምጣጩን በፀሐይ አድርቆ ምድጃው ውስጥ ቢወረውረው እሳቱ ተንቦገቦገ። ሞላሰስ የሚሉትን፣ ከስኳሩ የሚተርፈውን ጥቁር ዝልግልግ ነገር ከጭድ ጋር ለውሶ ለከብት ቢሰጥ ላሞቹ ወተት ጨመሩ። አመዱን ማሳ ላይ ቢበትነው አገዳው የሰው ቁመት እጥፍ ሆነ። ሦስቱ ዋርካዎች ተረፉ፤ የሚጣል ነገርም ጠፋ።

ወሬው ቤተ መንግሥት ደረሰና ንጉሡ ሊያዩ መጡ። ዋርካዎቹን አዩ፣ ወተቱን ቀመሱ፣ ስኳሩን ደግመው ቀመሱ።

«ይህን ሁሉ ያደረገው ማነው?» ሲሉ ጠየቁ።

በዚያች አገር «እኔ ነኝ» ማለት የባለጌ ሥራ ነው። ይርዳው ደግሞ በደንብ ያደገ ሰው ነበር።

«ንጉሥ ሆይ፣ እኔማ ምን አደረግሁ» አለ እጅ ነስቶ። «ሁሉን ያደረገው ምጣጩ ነው።»

ንጉሡ ወደ ሊቀ ማዕረጋቱ፣ ማለትም ካባና ማዕረግ ወደሚያድሉት ሹም ዞረው፣ «እንዲህ ያለ ባለውለታ ከደጅ ሲጣል ዝም ብላችሁ ታያላችሁ?» ሲሉ ተቆጡ።

«ጥፋቱ የኛ ነው» አሉ ሊቀ ማዕረጋቱ አንገታቸውን ደፍተው። «ሰው መሾም ለምደን ዓይናችን ሌላውን ሳያይ ቀረ።»

በዚያው ሳምንት ምጣጩ ፊታውራሪ፣ ሞላሰሱ ቀኝአዝማች፣ አመዱ ግራአዝማች ተባሉ። ክምሩን የሚያለብስ ካባ ለመስፋት አሥራ ሁለት ሰፊዎች ሦስት ቀን ፈጀባቸው። የግራአዝማች በዓል ነፋስ ስለነበረ አመዱ ያለበት ማሰሮ እንደተከደነ ተፈጸመ።

በማግሥቱ ይርዳው ማገዶ ሊወስድ ሲመጣ ባለጦር ዘብ ቆሞ አገኘ።

«ወንድሜ፣ ምድጃው እየበረደብኝ ነው፤ ሁለት ሸክም ልውሰድ» አለው።

«ማንን?»

«ምጣጩን ነዋ።»

«ፊታውራሪን በል። አንተ ሰው፣ ፊታውራሪን እሳት ውስጥ ልትከታቸው ነው?»

«የተሾሙት እኮ በመንደዳቸው ነው።»

«እሱ ከሹመት በፊት ነው። አሁን አይነዱም።»

ይርዳው ሊቀ ማዕረጋቱ ዘንድ ሄዶ ቢያንስ ዛሬ ከመጭመቂያው የሚወጣውን አዲሱን ምጣጭ እንዲፈቅዱለት ለመነ።

«እነዚያ የፊታውራሪ ልጆች ናቸው» አሉት በሐዘኔታ። «የመኳንንት ልጅ ማገዶ ሲሆን የት አይተሃል?»

እሳቱ ጠፋ። ወንዙ ግን ሕግ ስለማያውቅ መጭመቂያውን ማዞሩን ቀጠለ፤ ጭማቂው የሚያፈላው አጥቶ ወደ ወንዙ ይፈስሳል፣ የፊታውራሪ ቤተሰብም ዕለት በዕለት ይበዛል። የሚያድሩበት ግምጃ ቤት ሲሞላ ንጉሡ መላ መቱ፤ መኳንንቱ የንጉሥ መልእክተኞች ሆነው ወደ ጎረቤት አገር ይሂዱ አሉ። አርባ ጋሪ መልእክተኛ በእምቢልታ ተሸኘ።

የጎረቤት አገር ሰዎች ስኳር ቤት እንጂ ሹመት የላቸውም። ከወር በኋላ ሃምሳ ጆንያ ስኳር ከደብዳቤ ጋር መጣ፤ «መልእክተኞቻችሁ ከጠበቅነው በላይ ጠቀሙን፤ አንዳቸውም የሚመለሱ ስላይደሉ ሌሎች ላኩልን» ይላል። አገሩ በደስታ ዘፈነ። ፊታውራሪ እንዲያው ተቀምጠው ሃምሳ ጆንያ አመጡ ተባለ።

ይርዳው ግን የቀዘቀዘውን ምድጃ እያየ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። በአራተኛው ቀን ቆረጠና ዙፋን ፊት ቆመ።

«ንጉሥ ሆይ» አለ፣ «ያን ጊዜ የዋሸሁት ለትሕትና ነው። ሁሉን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ሹመቱን ከምጣጩ ያንሡለትና ወደ ምድጃው ይመለስልኝ።»

ሁለት ወይዛዝርት በሐፍረት ፊታቸውን ሸፈኑ። ንጉሡ ግን ደግ ሰው ነበሩ።

«ልጄ፣ እኛ መስጠት እንጂ መንሣት አልተማርንም» አሉ። «የፊታውራሪ ሹመት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ አንተም ተሹመሃል።»

ይህን ከማለታቸው ካባው ከይርዳው ትከሻ ላይ ዐረፈ። እንዲህም ሆኖ በአገሪቱ ያን እሳት ማንደድ የሚያውቀው አንድ ሰው እሳት እንዳይነካ በሕግ ተከለከለ።

ያን ቀን ማታ ደጃዝማች ይርዳው ከቤታቸው ተቀምጠው፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺመቤት ሻይ እየጣዱ ነበር። እንጨቱ ርጥብ ነውና እሳቱ ጨሰ፣ ሊጠፋም ደረሰ። የደጃዝማች እጅ ሳያስቡት ወደ ምድጃው ተዘረጋ። ከደጅ የቆመው አዲሱ ዘብ ጉሮሮውን ጠረገ። እጃቸውን ሰብስበው ካባው ስር ከተቱት።

ወይዘሮ የሺመቤት ጎንበስ ብለው እፍ እያሉ እንደ ምንም አፈሉት። ከሃምሳው ጆንያ የደረሳቸውን ስኳር አማስለው ካመጡላቸውም ስኒ ደጃዝማች አንድ ጊዜ ፉት አሉ።

«ጣፈጠ?» አሏቸው ባለቤታቸው።

ደጃዝማች ይርዳው ስኒውን መልሰው ዘረጉላቸው።

«ፊታውራሪ ምን ይወጣላቸዋል» አሉ። «እስቲ አንድ ማንኪያ ጨምሪልኝ።»