ሻለቃው ያሳጠሩት ሞት

«ፊት ለፊት ንገረኝ» የሚል ሰው እፈራለሁ። ፊት ለፊት ስትነግሩት ይቀየማችኋል፤ አዙራችሁ ስትነግሩት ደግሞ «ምን ያንዛዛሃል?» ይላል። በደርግ ጊዜ ይህ ችግር አልነበረብንም፤ ፊት ለፊት የሚናገር ሰው የት ተገኝቶ! የቀበሌያችን ካድሬ ጓድ በላቸው፣ «ስኳር አልመጣም» ለማለት ከኢምፔሪያሊዝም አመጣጥ ይጀምር ነበር። እኛም ባዶ ፌስታላችንን ይዘን፣ ኢምፔሪያሊዝም እስኪወድቅ ሰልፍ ላይ እንቆማለን።

ይኸው ጓድ በላቸው የኪነት ቡድናችን ደራሲም አዘጋጅም ነበር። እኔን ግን እዚያ የከተተኝ ጥበብ እንዳይመስላችሁ። ያን ሰሞን የየካ ጎረምሳ በጠራራ ፀሐይ እየታፈሰ ለብሔራዊ ውትድርና ሲጫን፣ ኪነት ውስጥ ያለ ለጊዜው አይነካም ይባል ነበር። ላምበረት ሱቅ የነበራት እናቴ፣ ያላት ልጅ እኔ ብቻ ስለነበርኩ እጄን ይዛ ወስዳ አስመዘገበችኝ።

«ዝፈን ካሉህ ዝፈን፤ ሙት ካሉህም መድረኩ ላይ ሙት። ሌላ ቦታ ግን እንዳትሞትብኝ፤ ወላሂ አልምርህም!» አለችኝ።

ድርሻዬ ቆስሎ የሚሞት ወታደር ሆነ። ሆዴን በጥይት ተመትቼ ከወደቅሁ በኋላ ስለ አብዮቱ፣ ስለ ሰፊው ሕዝብና ስለ መጪው ትውልድ ተናግሬ፣ ግጥም አንብቤ፣ መፈክር አሰምቼ ነው የምሞተው። ከእንጦጦ ግርጌ ባለችው አዳራሽ ስንለማመድ፣ ሞቼ እስክጨርስ ወጥተው ሻይ ጠጥተው የሚመለሱ ጓደኞች ነበሩኝ።

የቀበሌዎች ኪነት ውድድር ዕለት ከግንባር የመጡ አንድ ሻለቃ በክብር እንግድነት ፊት ተቀመጡ። ተመታሁ፤ ወደቅሁ፤ ጀመርኩ። ሰፊው ሕዝብ ጋ ስደርስ ሻለቃው ብድግ አሉ።

«አንተ! ሆድህን ተመትተህ ይሄን ሁሉ ታወራለህ? ሙት!»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ከመጋረጃው ጀርባ የጓድ በላቸው አመዱ ቡን አለ። እኔም ትእዛዝ ነውና ሞትኩ።

«ተነስ! አሁን ደግሞ እንደ ሰው ሙት!»

እንደ ሰው እንዴት እንደሚሞት ማን አስተማረኝና! ወደቅሁ። ከድንጋጤ የተነሳ አፌ ኩበት ሆኖ ስለነበር ከልቤ «ውሃ...» አልኩና ዝም አልኩ። ሳቁ ቆመ። ከኋላ አንዲት እናት እዬዬዋን ለቀቀችው፤ ሌሎቹም ተከተሏት።

ሻለቃው ዓይናቸውን ጠረጉና «አንደኛ እናንተ ናችሁ!» አሉ። ልታየኝ የመጣችው እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። «እንዲህ ያለውን እውነት ሠራዊቱ ማየት አለበት። ሰኞ ወደ ግንባር ትሄዳላችሁ» ሲሉ ግን እልልታው ጉሮሮዋ ላይ ቀረ። ሳያንዛዛ የሚናገር መሪ ስጠን ብላችሁ የምትለምኑ ሁሉ፣ እንግዲህ ሲሰጣችሁ እንዲህ ነው።

ሄድን። ወታደሮቹ መሬት ላይ ተኮልኩለው ጠበቁን። ተመታሁ፤ ወደቅሁ፤ «ውሃ» ብዬ ሞትኩ። አንድም ሰው አላጨበጨበም፤ አንድም ሰው አላለቀሰም። አንድ ዓይኔን ገለጥ አደረግሁ።

ክንዱን በፋሻ የታሰረ ወታደር ከፊት ተቀምጦ ያየኛል።

«ይሄንንማ በየቀኑ እናየው የለም እንዴ?» አለኝ። «ንግግር ምናምን የለውም?»

«ነበረው፤ ተቆረጠ» አልኩት፣ እንደተጋደምኩ።

«በል መልሰው ወንድሜ! እስቲ አንድ ሰው እንኳ የሚለውን ጨርሶ ሲሞት እንይ።»