መንታዬና እኔ ስንት ዓመታችን ነው?

ሰው ስለ ዕድሜው ሲዋሽ ጠያቂውን ያታለለ ይመስለዋል። ጥቂት ዓመት ሸረፍ አድርጎ ሲናገር የገዛ ደሙ ውስጥ ውስጡን «ኧረ ተው!» እንደሚለው በምን ያውቃል? እኔም ያወቅሁት መንታ ወንድሜን ጤና ጣቢያ የወሰድኩ ዕለት ነው።

ሲሳይና እኔ ልጆች ሳለን እናታችን እንኳ ታምታታን ነበር። ኋላ እሱ ገነተ ማርያም ከበሬዎቹ ጋር ቀረ፤ እኔ ላሊበላ ገብቼ ትንሽ ፔንሲዮን ከፈትኩ። የእሱን ፊት ፀሐይና ቁር አኮማተረው፤ ፀጉሩም ነጣ። እኔ ጥላ ለጥላ እየኖርኩ ወዛሁ።

አንድ ቅዳሜ ለገበያ መጥቶ «ጉልበቴን» አለኝና ጤና ጣቢያ ይዤው ሄድኩ። ዘበኛው «አባትህን እዚህ አስቀምጣቸው» አይለኝ መሰላችሁ! ማረም ነበረብኝ? ምን በወጣኝ! ደግፌ እንደ ደህና ልጅ አስቀመጥኩት። ሲሳይ ሳቀና «ልመርቅህ እንዴ ልጄ?» አለኝ።

ጤና መኮንኗ ልጅ እግር ናት። ጉልበቱን አይታ፣ የደም ግፊቱን ለክታ «ደህና ነዎት አባ፣ ትንሽ ይረፉ» አለችው። እኔም ለጨዋታ ያህል እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ለካች። ደግማ ለካች። ክንድ ቀየረች። እስካሁን «አንተ» ስትለኝ የቆየችው ልጅ «እባክዎ አይነሱ» አለችኝ። አባታችን ማሳ መሃል ድንገት የወደቀው በዚሁ በግፊት ነው።

መንታ መሆናችንን ስንነግራት ተራ በተራ አየችን። ዕድሜ ሁለት ነው አለች፤ የልደትና የሰውነት። የወረስነው ዘር እንደ ፊደል አይቀየርም፤ ምግቡ፣ ጭንቀቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ ግን ምልክት ይጥልበታል፤ በዚያም አንዱ ፊደል ይነበባል፣ ሌላው ይታለፋል። ምልክቶቹን አይተው ሰውነት ምን ያህል እንዳረጀ፣ የትኛው በሽታ እንደሚያሰጋው የሚገምቱ ተመራማሪዎች አሉ።

«የድጓ ምልክት በይኛ!» አልኳት። ፊደሉ ያው ነው፤ ዜማውን የሚለውጠው ከላዩ ያለው ምልክት ነው።

እኛ የረሃብ ዘመን ልጆች ነን፤ እናታችን በባዶ ሆድ ነው የተሸከመችን። ያም አሻራ ሊተው እንደሚችል ነገረችን። ሲሳይ ወደኔ ዞረ።

«ያንንስ እኩል ተካፈልን። የቀረውን ከየት አመጣኸው?»

ከየት ላምጣ? እንግዳ ከጠፋ ወዲህ ባዶ አልጋ ሳነጥፍ ነው የምውለው፤ እንቅልፍም ከእንግዶቹ ጋር ሄዷል። ለእሱ ግን «ሥራ ሞልቷል» እያልኩ ስጎርር ነበር። እሱ በሬው ቢያነክስ እንኳ አገር ጠርቶ ያማክራል፤ እኔ ከተሜው ጭንቄን ደብቄ ለደም ሥሬ አሸከምኩት።

እውነቱን ነገርኩት። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ወንድምህ ሞቷል አሉህ?» ብሎ ክንዴን ጨበጠኝ።

ልጅቷ ምልክቱ የሞት ፍርድ እንዳልሆነ፣ ከፊሉም አኗኗር ሲስተካከል ሊሻሻል እንደሚችል አስረዳችን። መድኃኒት ሰጠችኝ፤ ይራመዱ፣ ጨው ይቀንሱ አለችኝ። እውነቷን ነው። ተመስገን፣ ሳልወድቅ ነገረችኝ።

ማታ ባለቤቴ ጨው ያልነካው ወጥ አቀረበች። አንድ ጎረስኩና ሳህኑን ገፋ አድርጌ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። እሷም ሳህኑን መልሳ አስጠጋችልኝና፣

«ሰውነትህስ ሸምግሏል ተባለ» አለችኝ፤ «አመልህ ግን ገና ጡት አልጣለም።»