የጋሼ ደምሴ ኦርጅናል ፍሬን

መኪና ያላችሁ ሰዎች፣ እስቲ ዳሽቦርዳችሁን ልብ ብላችሁ እዩት። ከመብራቱና ከማራገቢያው ቁልፍ ጎን ቁልፍ የሚመስል፣ ግን ቁልፍ ያልሆነ ጥቁር ፕላስቲክ አታጡም። ቢጫኑት አይገባ፣ ቢያዞሩት አይዞር። ፋብሪካው «እዚህ ጋ ከእናንተ ለሚሻል ሰው የሚገጠም ነገር ነበር» ሊላችሁ አስቦ፣ ይሉኝታ ይዞት ከድኖት ያለፈው ቦታ ነው። መኪና የሌላችሁም አይክፋችሁ። ክዳን የሌለበት ማን አለ? እኔ ራሴ፣ ፈጣሪ ሲሠራኝ ነጋዴነት የሚገጠምበት ቦታ ላይ ክዳን ጣል አድርጎብኝ አልፏል፤ እሱኑ በጣቴ መታ መታ እያደረግሁ ይኸው ሸበትኩ። ምንም አልሆንኩም።

ጋሼ ደምሴ ግን ክዳን አይችሉም።

በእኛ አዳማ «ኦርጅናል» ከሚለው ቃል የሚበልጥ ክብር ያለው ቃል እንደሌለ መቼም ታውቃላችሁ። ሶፋ ገዝቶ የመጣበትን ላስቲክ የሚያወልቅ ሰው አባካኝ ነው። ሙቀታችን ደግሞ ሙቀት ነው፤ በሚያዝያ ቀትር ላስቲክ በለበሰ ሶፋ ላይ የተቀመጠ እንግዳ «ልሂድ» ብሎ ሲነሳ ሶፋውም አብሮት ሊሸኘው ይቃጣዋል። ማቀዝቀዣው ያቀዝቅዝ አያቀዝቅዝ ማንም አይጠይቅም፤ ቁም ነገሩ በሩ ላይ የተለጠፈው የፋብሪካ ወረቀት አለመላጡ ነው። ዕቃ ይሠራል ተብሎ ብቻ የሚገዛ ከሆነማ ከእንስሳ በምን ተለየን?

ጋሼ ደምሴ የእድራችን ዳኛ ናቸው። በጡረታ ከቢሮ ሲወጡ የሚያስተዳድሩት ነገር አጥተው ፊታቸው ቢገረጣብን፣ ራሳችንን ሰጠናቸው። እድሩ ደግሞ አንድ የቆየ ሕመም ነበረበት። ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩንና ብረት ድስቱን ለቅሶ ቤት የሚያደርስልን የጋሪ ፈረስ ነው፤ ፈረሱ ለሐዘን የራሱ እርምጃ አለው። አንድ ጊዜ ለቀስተኛው ከቀብር ተመልሶ ፀሐይ ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ሲጠብቅ፣ ድንኳናችን አደባባዩ ጋ ቆሞ ፈረሱ ሣር ይበላ ነበር። ጋሼ ደምሴ በዚያ ቀን በሕዝብ ፊት ማሉ።

«ከእንግዲህ በእኔ ዳኝነት ድንኳን ከለቀስተኛ በኋላ ከደረሰ፣ ወንበሬን ለፈረሱ አስረክባለሁ!»

መሐላ ነውና ሁላችንም ሰማን። ፈረሱም የሰማ ይመስለኛል።

መፍትሔው በቅርብ ነበር። ጋሼ ደምሴ ልጃቸው ያመጣላቸው፣ ሰፈሩ ውስጥ ስትታጠፍ ሁለት አጥር የምትነካ ትልቅ ፒክአፕ አለቻቸው። ከኋላዋ የሚጎተት ተሳቢ ብቻ ነው የሚያስፈልገን ተባለና አንድ በያጅ ከአሮጌ ጭነት መኪና አክስል ላይ በይዶ ሠራልን። የማይነቃነቅ ነው። ጎማ አለው፣ መብራት አለው፣ ከኋላው «ሁሉም ያልፋል» የሚል ጽሑፍ አለው። ፍሬን የለውም። ይህችን ነገር ለጊዜው ያዙልኝ።

ይሄኔ ነው እንግዲህ ልጃቸው በስልክ ያቺን ክፉ ወሬ የነገራቸው። ከመሪው በስተቀኝ ያለችው ጥቁር ክዳን የተሳቢ ፍሬን መቆጣጠሪያ የሚገጠምባት ቦታ ናት አላቸው። ሾፌሩ ፍሬን ሲረግጥ መቆጣጠሪያው የተሳቢውንም ፍሬን በዚያው ልክ ያዛል። ጋሼ ደምሴ ከዚያን ቀን ጀምሮ መንገድ ማየት ትተው ክዳኗን እያዩ መንዳት ጀመሩ። በመጨረሻ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠሪውን ከድርን አስጠሩት። ከድር የመኪና ሽቦ በጨለማ ፈልጎ እንደሚያገኝ በየሻይ ቤቱ ራሱ የሚመሰክር ሰው ነው።

«ጋሼ፣ ከገበያ የሚሸጠውን ከመሪው ሥር በብሎን ላስርልዎት፤ ዛሬውኑ ያልቃል» አላቸው።

«ከመሪ ሥር? ጉልበቴ ላይ?» አሉ ጋሼ ደምሴ። «ምነው አንተ ከድር፣ የጋሪ ፋኖስ አደረግኸው እንዴ? እኔ የምፈልገው የፋብሪካውን ነው። በቦታው። ልክክ ብሎ።»

የፋብሪካው መጣ። ከውጭ በሚገባ ሰው ሻንጣ፣ በሁለት ሽቶና በአንድ ጫማ መሃል ተኝቶ መጣ። ከድር ክዳኗን ነቅሎ ሲያነሳ፣ ሽቦው ከፋብሪካ ተዘርግቶ፣ ሶኬቱን ደቅኖ ከጀርባዋ ተቀምጧል። የጋሼ ደምሴ ዓይን እንባ አቀረረ። «አያችሁ? ይህን ሁሉ ዘመን እኔን ሲጠብቅ ነው የኖረው!» አሉ። እንግዲህ ከድር ዕቃውን ሰክቶ፣ መኪናዋ እንዲህ ያለ አካል እንዳላት በኮምፒውተር ነገራት፤ አመነች፤ በራ። ፎቶው በእድሩ ቴሌግራም ላይ ሲለቀቅ የእንኳን ደስ ያለዎት ብዛት ለልጅ ልጅ ክርስትና እንኳ ያልታየ ነበር። እኔም ሁለት እጅ የሚያጨበጭብ ልኬአለሁ። ሰው በባዶ እጁ አይሄድም።

በምረቃው ላይ የብረት ድስቱ ኃላፊ እትዬ ዘነበች ባይኖሩ ደስታችን ሙሉ በሆነ። እትዬ ዘነበች ደግሞ አፋቸው ክዳን የለውም።

«ለመሆኑ» አሉ፣ «ይሄ ነገር የሚያዘው የትኛውን ፍሬን ነው?»

«የተሳቢውን ነዋ!» አሉ ጋሼ ደምሴ።

«ተሳቢው ፍሬን አለው እንዴ?»

ጸጥ አልን። ይህን ጸጥታ ማስረዳት አለብኝ፤ ያላወቅን እንዳይመስላችሁ። በያጁ ያውቃል። ከድር ያውቃል። ኮሚቴው በሙሉ፣ እኔን ጨምሮ፣ ተሳቢው ሲበየድ ቆመን አይተናል። ግን አንድ ትልቅ ሰው፣ ዳኛ፣ ዕቃ በሻንጣ ድረስ አስመጥቶ፣ አስገጥሞ፣ ለስላሳ ከፍቶ ሲጋብዛችሁ፣ እስቲ ማናችሁ ናችሁ ጠርሙሱን ይዛችሁ «ጋሼ፣ ትእዛዙን የሚቀበል የለም» የምትሉት? ያሳደጋችሁ የለም? ዝም አይነቅዝም። እኛ ሳንነቅዝ ቆምን።

ጋሼ ደምሴ እትዬ ዘነበችን በሐዘኔታ አዩአቸው።

«ዘነበች፣ ኦርጅናል ነው እኮ ነው የምንልሽ!»

ጥያቄው ተመለሰ። ኋላ ከድርን ለብቻው ገለል አድርጌ ብጠይቀው፣ ለስላሳውን እየጨለጠ «እኔ መቆጣጠሪያ ግጠም ተባልኩ፣ ገጠምኩ። የሚቆጣጠረውን ግጠም ያለኝ አለ?» አለኝ። የሙያ ሥነ ምግባር ማለት ይህ ነው። ከታዘዙት ነገር አንዲት ብሎን አለማለፍ።

የዕቃው ብቸኛ ጉድለት፣ ጉድለት ከተባለ፣ የማያቋርጥ ሐቀኝነቱ ነበር። ተሳቢው ከኋላ ታስሮ፣ መብራቱ በርቶ፣ ሕፃናት ተሰቅለውበት ሳለ ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ «ተሳቢ አልተገናኘም» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ፍሬን ፈልጎ ፍሬን ቢያጣ ተሳቢ የለም ብሎ ደመደመ፤ ከእኛ ኮሚቴ የተሻለ አሰበ። ጋሼ ደምሴ ግን አልተናደዱበትም። «እንግዳ ነው፤ ገና አልለመደንም» አሉ። ከድርም «ሲነዳ ይለምዳል» ብሎ አጸደቀ።

ታዲያ አንድ ቀን አቶ ወርቁ የተባሉ፣ መልካሳ የሚኖሩ የእድራችን ነባር አባል አረፉ። ነፍስ ይማር። ቀብሩ ቀትር ላይ ነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚውና ብረት ድስቱ ተሳቢው ላይ ተጫነ፤ ጋሼ ደምሴ መሪውን ያዙ፣ እኔ ጎናቸው፣ እትዬ ዘነበች ከኋላ ወንበር ድስታቸውን በመስተዋት እየጠበቁ። የቀብር ሰው ሳይመለስ እንደርሳለን አይደል? እንደርሳለን። ፈረሱን ቆሞ አየነው። ጋሼ ደምሴ ጥሩምባ ነፉለት።

ወደ መልካሳ የሚወርደውን መንገድ ታውቁታላችሁ። ሲያዩት ሜዳ ነው፤ የሚወርድ መሆኑን የሚነግራችሁ ከኋላ ያለው ነገር ነው። መጀመሪያ መጠነኛ ግፊት ተሰማን፤ እንደ ገበያ ግርግር። ጋሼ ደምሴ ፍሬን ረገጡ። ፒክአፗ ታዘዘች፤ ተሳቢው ግን የሰማው ነገር ስለሌለ መንገዱን ቀጠለ፤ ብቸኛ መንገዱ ደግሞ በእኛ በኩል ነበር። መኪናዋ ጭራዋን እንደ ከበሮ መቺ ወገብ ታወዛውዝ ጀመር።

«ጋሼ፣ ኧረ ይያዙት!» አሉ እትዬ ዘነበች።

«ይዤዋለሁ!» አሉ ጋሼ ደምሴ፣ የመቆጣጠሪያውን ማንሻ ጨምድደው። ልክክ ብሎ የገባ፣ ከጣት ጋር የሚስማማ ማንሻ ነው፤ ይህን እንኳ አልክደውም። ሰሌዳው በርቷል። ተሳቢ አልተገናኘም ይላል።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ አበው። ከኋላችን አንድ ብረት ጓ ሲል ተሰማ፤ መኪናዋ በድንገት ቀለል አላት፤ ወዲያው በቀኛችን በኩል የእድራችን ተሳቢ «ሁሉም ያልፋል» የሚለውን ጽሑፉን እያሳየን አለፈን። ከመንገድ ወጣና ቁልቁል ሄዶ አንዲት ግራር ሥር፣ ሽንኩርት ማሳ አፋፍ ላይ አግዳሚዎቹን እየዘራ ቆመ። ሰው አልተነካም። ፒክአፗም ቆመች። ሁላችንም ሰሌዳውን አየን። ተሳቢ አልተገናኘም። ጋሼ ደምሴ ላባቸውን ጠረጉና በእርጋታ «አላልኳችሁም?» አሉ። «ይሠራል!»

የሽንኩርቱ ባለቤት ሽማግሌ፣ ብረት ድስት እግራቸው ሥር እየተሽከረከረ መጥቶ እስኪቆም ጠበቁና እንደ ሥርዓቱ መጀመሪያ «ነጋ ዳ?» አሉን፤ ሰላም ነው ወይ ማለታቸው ነው። ጋሼ ደምሴም «ነጋ ዳ» አሉ። ሰላም ነው። ከዚህ ወዲያ ምን ይባላል?

ይህን ስንል፣ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ሐዘን ቤት የሚወስደው መንገድ በዚያው በኩል ኖሮ፣ የቀብሩ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ደረሰ። የእድራችንን አግዳሚ ግራር ሥር አየ። ቆም አለ። የእኛ ሰው የእድር አግዳሚ ካየ እግሩ ራሱ ነው የሚታጠፈው፤ መጀመሪያ አንድ ሽማግሌ ተቀመጡ፣ ትልቅ ሰው ተቀምጦ መቆም ነውር ነውና ሌላውም ተከተለ። ከቀብሩ ሰው ጋር የመጡት ድንኳን ተካዮቻችንም ሰው የተቀመጠበትን አይተው እዚያው ላዩ ላይ ወጠሩት። ማንም «ቤቱ እዚህ አይደለም እኮ» አላለም። ይሉኝታ ነዋ! የሟቹ ባለቤት እትዬ አልማዝ ቤታቸው ጠብቀው ጠብቀው ሰው ቢያጡ፣ የገዛ ባላቸውን ለቅሶ ፍለጋ በሁለት ሴት ተደግፈው ሽንኩርት ማሳ መጡ። ዙሪያውን አዩና፣ «ወርቁ በሕይወቱም ቤት አይቀመጥልኝም ነበር» ብለው እንደገና አለቀሱ። በዚያ ቀን የተነገረ ብቸኛ ቁም ነገር ይኸው ነው።

ጉዳዩ በኮሚቴ ታየ። እትዬ ዘነበች ድስታቸው ስለተሰረጎደ መሐላው እንዲፈጸም ጠየቁ። ኮሚቴው ግን አጣርቶ ወሰነ። መሐላው «ድንኳን ከለቀስተኛ በኋላ ከደረሰ» ነው የሚለው፤ በዕለቱ አግዳሚውም ድንኳኑም ለቀስተኛውን ቀድሞ ሲጠብቀው ሁሉም አይቷል፤ ይህም በእድራችን ታሪክ የመጀመሪያው ነው። ያልደረሰው ቤቱ ብቻ ነው፤ ቤቱን ማድረስ ደግሞ የእድሩ ግዴታ አይደለም። ጋሼ ደምሴ በጭብጨባ በዳኝነታቸው ቀጠሉ። ተሳቢው ሲጠገን ፍሬን ይግባለት ወይ የሚል ሐሳብ ተነስቶ፣ ኦርጅናል ያልሆነ ነገር ከኦርጅናል ጋር ማገናኘት መቆጣጠሪያውን ሊያበላሽ ይችላል ተብሎ ቀረ።

ፈረሱን ወንበሯ ለጥቂት አመለጠችው። ጠዋት ጠዋት በአደባባዩ ሳልፍ አየዋለሁ፤ ጋሪውን እየጎተተ ነው። ቁም ሲሉት ይቆማል። ለዳኝነት ሳይበቃ የቀረውም በዚሁ መሰለኝ።